«ኧረ ልቀቀኝ!» የተባለው ኪቦርዲስት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ስሙንና የሚሰራባቸውን ቤቶች ስምም ከደብዳቤው አስቀርቻለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። 27 ዓመቴ ነው። ቀን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል እሰራለሁ። ሐሙስ፣ አርብና ቅዳሜ ማታ ግን ኪቦርዴን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ እጫወታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ የማጅበው አንዲት ድምፃዊትን ነው። ዘፈን አብሬያት እመርጣለሁ፣ ኪይ (ዘፈኑ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ) አወጣላታለሁ፣ ቤዙና ድራሙ የት እንደሚገቡ እነግራቸዋለሁ፣ ጊታሪስቱ ሲቀር ሌላ የማፈላልገው እኔ ነኝ። ለሷ በምሽት 4,000 ብር ይከፈላታል፤ ለኔ እንደ ድራመሩ 1,200። ቤት ስገባ ሄድፎን አድርጌ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጃዝ እለማመዳለሁ። ሕልሜ የጃዝ ፒያኒስት መሆን ነው።

አሁን እሷ አዲስ አበባ ሄዳ አልበም ልትሰራ ነው። ‹ና፣ ሙዚቃውን አንተ ምራልኝ› አለችኝ። ክፍያውን ሳነሳባት ‹ቤተሰብ አይደለን እንዴ!› ብላ ሳቀች። በዚያ ላይ ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ ላይ አምባሰል እየዘፈነች፣ እኔም ደስ ብሎኝ ጥሩ ጥሩ የጃዝ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) እየጨመርኩላት ሳለ፣ ማይኩን ከአፏ አርቃ ዞር አለችና ‹ኧረ ልቀቀኝ!› አለችኝ። ድራመሩ ሳቀብኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ ደግሞ ‹ሒሳብ ተምረህ አዝማሪ ልትሆን ነው?› ትለኛለች። ስራዬን ለቅቄ ልሂድ? ወይስ አጃቢነቱን ትቼ የራሴን ጃዝ ልጀምር? ዕድሜ ልኬን ከሰው ጀርባ እንዳልቀር ፈርቻለሁ።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማን እንደሚመልስልህ እወቅ። እኔ ማይክ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከደሴ እስከ ሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ስንት ሰርግ ላይ እንደዘፈንኩ ቆጥሬ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ እምቢ እስኪለኝ ድረስ ዘፍኛለሁ። ስለዚህ የምነግርህ ያቺ ጀርባዋን እያየህ የምትጫወትላት ሴት በወጉ ልትነግርህ ያልቻለችውን ነው። ትንሽ ይጎረብጥህ ይሆናል።

አምባሰሉ ላይ እሷ ልክ ነበረች።

አነጋገሯ ልክ ነበር አላልኩም። ሰው ፊት፣ ያውም ሰርግ ላይ፣ ዞሮ እንዲያ ማለት ነውር ነው። ለብቻችሁ ስትሆኑ ቅር እንዳለህ ንገራት። ጆሮዋ ግን አልተሳሳተም። እስቲ የአምባሰልን ቅኝት፣ ዜማው የሚሰራባቸውን አምስት ድምፆች ማለቴ ነው፣ ከዶ ጀምረህ ቁጠራቸው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ሚ የታለች? የለችም። ሚ ፍላትም፣ ግማሽ ድምፅ የወረደችው ሚ፣ የለችም። አንተ የለመድካቸው ኮርዶች ደግሞ ነፍሳቸው ያለው እዚያች ሚ ላይ ነው፤ ሜጀር ይሁን ማይነር የሚታወቀው በሷ ነው። አምባሰል መሐሉን ባዶ ትቶት ያልፋል። ደስታ ነህ ወይስ ኀዘን ብትለው አይመልስልህም። አንጀት የሚበላውም ለዚህ ይመስለኛል። እሷ ሬ ፍላቷ ላይ ቆማ፣ ድምጿን እያርገበገበች ወደ ዶ ልትወርድ ስትል፣ አንተ ከስር ሚ ያለበት ወፍራም ኮርድ ዘረጋህላት። እግሯን ልታሳርፍ ባሰበችበት ቦታ ላይ በርጩማ አቆምክባት ማለት ነው። ብትጮህ ይፈረድባታል?

ጃዙን ተው እያልኩህ አይደለም። ቦታውን ፈልግለት ነው የምልህ። ሬ ፍላት ሜጀር ሰቨን የሚባለውን ኮርድ ያዝ። ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ። አራቱም አምባሰል ውስጥ ያሉ ድምፆች ናቸው። ግራ እጅህ ከታች ዶን ብቻ ይዞ ይቆይ። ከፈለግክ ከላይ ሶልን ጠብ አድርግባት፤ አንድም ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ሳትነካ ጃዝ ሆነልህ። ፋ ማይነርም ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ዶና ሶልን ባዶውን ይዞ ዝም ማለት ከሁሉም ይበልጣል። ትዝታ ላይ፣ ሜጀሩ ላይ ማለቴ ነው፣ ሚ አለችልህና እዚያ እንደልብህ ተዝናና። አንቺሆዬ ላይ ግን ተጠንቀቅ። እዚያ ሶል ራሷ የለችም፤ ያለችው ሶል ፍላት ናት፤ ያ «ባዶ ዶና ሶል» ያልኩህ መድኃኒት እዚያ አይሰራም። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ ሲመለስ የታገለው ከዚሁ ጋር ነው፤ 5 ድምፅ ያለውን ቅኝት 12 ድምፅ ካለው የፈረንጅ ሙዚቃ ጋር አጋብቶ የቅኝቱ ጣዕም እንዳይጠፋ። አንተ ደግሞ አምባሰልና ባቲ ሄደህ መመለስ በምትችልበት ቦታ ተወልደህ፣ ኢትዮ ጃዝን በሄድፎን ከሩቅ አገር እንደመጣ ዕቃ ትለማመዳለህ። ይሄ ትንሽ አሳቀኝ፣ አትቀየመኝ።

ሁለተኛው ነገር ቀኝ እጅህ ነው። አልጻፍክልኝም እንጂ እሷ የምትዘፍነውን ዜማ አብረሃት በኪቦርድ እንደምትደግም እርግጠኛ ነኝ። እዚህ አገር የማያደርገው ኪቦርዲስት አላየሁም። ወሎ አድገህ ማሲንቆ ሲያጅብ ሳታይ አልቀረህም። እሱም ዜማውን ይከተላል፤ ግን ከዘፋኙ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ብሎ ነው የሚከተለው። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ያኔ ይመልስለታል። ደግሞ ማሲንቆ ጣቱን ሸርተት አድርጎ የዘፋኙን ድምፅ ያለበት ቦታ ሄዶ ያገኘዋል። ያንተ ኪቦርድ ግን ድምፁ ተቆርጦ የተሰጠ ነው፤ አይሸራተትም። የሷ ሬ ፍላት ካንተ ሬ ፍላት በፀጉር ያህል ዝቅ ወይ ከፍ ሊል ይችላል፤ አብረህ ስትመታው ልዩነቱ ይጋለጣል፣ ሰውም ከቅኝት ወጣች የሚለው እሷን ነው። እስቲ አንድ ሳምንት የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ክፈትና ኪቦርድህን አጥፍተህ ስማ። ወረቀት ላይ ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ብቻ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ያንተ ቦታ እዚያ ነው። ሌላው የሷ ነው።

ከጀርባዋም አትቀመጥ! ከሰው ጀርባ መቅረት ፈራሁ ብለሃል፤ በቁሙ እንኳ ትክክል አይደለም። ኪቦርድህን ወደ ጎን አዙረው፣ ትከሻዋ እንዲታይህ። ዘፋኝ ትንፋሽ ሲስብ ትከሻው ይነሳል። ያቺን ካየህ ከእሷ እኩል ትገባለህ፤ ካላየህ ሁሌ ትዘገያለህ ወይ ትቀድማለህ።

ስለ ኪይ ደግሞ አንድ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ሐይቅ አንድ ሰርግ ነበር። ብርድ ጉሮሮዬን ይዞኛል። ለኪቦርዲስታችን «ዛሬ ግማሽ ድምፅ ውረድልኝ» አልኩት። «ችግር የለም» ብሎ ትራንስፖዝ የምትባለዋን፣ ኪይ የምትቀይረዋን ቁልፍ ጫን አደረጋት። ቤዝ ጊታሪስቱ ከድንኳኑ ውጭ ስልክ እያወራ ስለነበር አልሰማም። ጀመርን። ኪቦርዱ እዚህ፣ ቤዙ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ እዚያ፣ እኔ መሐል ላይ። የትኛውን ልከተል? ሙሽሮቹ እየገቡ ነው፣ ማቆም አይቻልም። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ሲስቡ እስከዛሬ ይታየኛል። የባሰው ደግሞ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ነው። ቤዙ ነገሩ ገብቶት እሱ ሲወርድ፣ ኪቦርዲስቱ ደንግጦ ቁልፏን መለሳት! እንደገና ተላለፉ።

አንተም ይቺን ቁልፍ ነው የምትጠቀመው? ከሆነ ጃዝ ፒያኒስት እሆናለሁ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይፈተሻል። እውነተኛ ፒያኖ ፊት ስትቀመጥ ያቺ ቁልፍ የለችም። በሳምንት አንድ ዘፈን ያዝና በ12ቱም ኪይ በእጅህ አምጣው፣ ዘገምተኛ ይሁን፣ ግድ የለም። በዓመት 50 ምናምን ዘፈን ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛዋም ድምፃዊት «ዛሬ ጉሮሮዬ» ብትልህ አትደነግጥም። እና ከምትገዛው ሌላ ነገር ሁሉ በፊት 88 ቁልፍ ያለው፣ ሲነካ እንደ ፒያኖ የሚከብድ ኪቦርድ አስብ። በ61 ቀላል ቁልፍ የለመደ ጣት ፒያኖ ላይ ሲወጣ ይደክማል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘፈን እመርጣለሁ፣ ኪይ አወጣለሁ፣ ማን የት እንደሚገባ እነግራለሁ፣ የጎደለ ሰው እተካለሁ ብለሃል። ወንድሜ፣ አንተ አጃቢ አይደለህም። የሙዚቃ ዳይሬክተር ነህ። አራት ዓመት ሆኖሃል። ክፍያህ የድራመር፣ ስምህ ደግሞ «ኪቦርዱ ላይ ያለው ልጅ» ሆኖ የቀረው፣ አንተም ስራውን በስሙ ጠርተኸው ስለማታውቅ ነው። (ድራመሩን ማሳነሴ አይደለም፤ ቢስቅብህም።)

ይሄ ስራ ምን ያህል እንደሆነ ከጃዙ ሰፈር ሁለት ነገር ልንገርህ። አሜሪካዊቷ የጃዝ ድምፃዊት ኤላ ፊትዝጄራልድ እ.ኤ.አ. በ1960 ፌብሩዋሪ ላይ በርሊን «ማክ ዘ ናይፍ»ን ስትዘፍን የዘፈኑን ግጥም መሐል ላይ ረሳችው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ፊት። አላቆመችም፤ ረሳሁት እያለች፣ እያሾፈች፣ ቃል እየፈጠረች ቀጠለች። ያ የመድረክ ቅጂ ግራሚ አሸለማት። ሁሉም የሚያወራው ስለሷ ነው፤ ልክ ነው። አንተ ግን ስትሰማው ፖል ስሚዝ የሚባለውን ፒያኒስቷን ስማው። ዘፈኑ እየሄደ ኪዩ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ግጥሙ ጠፍቷል፣ እሱ ግን ከስሯ እንደ ወለል ተነጥፏል። ቢንገዳገድ ኖሮ ያ ምሽት ተረት ሳይሆን ውርደት ነበር። እኔ ስንት ጊዜ ግጥም ጠፍቶብኝ ወለሉ አብሮኝ እንደጠፋ ብነግርህ!

ሁለተኛው ራልፍ ሻሮን ነው፣ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቶኒ ቤኔት ፒያኒስትና የሙዚቃ ዳይሬክተር። በመሐል ቢለያዩም አብረው የሰሩት አስርት ዓመታት ነው። ሁለት የዘፈን ደራሲዎች አንድ ኖታ ሰጡትና ሸሚዝ የሚያስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ረሳው። በኋላ ለጉዞ ሻንጣ ሲያዘጋጅ ሸሚዝ ሲያወጣ አገኘው። ስለ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያወራ ዘፈን ነው፤ እነሱም እዚያው ሊሄዱ ነው፤ ይዞት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ ተዘፈነ፣ በ1962 ተቀረፀ፣ ቶኒ ቤኔት እስኪሞት ድረስ የሚታወቅበት ዘፈን ሆነ። ያን ዘፈን ያገኘው ዘፋኙ አይደለም። ፒያኒስቱ ነው፣ ያውም ከሸሚዝ ስር።

እና «ቤተሰብ አይደለን እንዴ» የሚለውን እንዴት ትመልሳለህ?

እውነቷን ሊሆን ይችላል። ተንኮል ላይኖራት ይችላል። እኔም ብያለሁ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ግን ሰርግ ስትደግስ እህትህም ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ወጥ ቤቷ ግን ይከፈላታል። እህትህ ስለከተፈች ወጥ ቤቷ በነፃ ትስራ የሚል የለም። በስልክ አታውራት። ከስራ በኋላም አይሁን፣ ያኔ ሁለታችሁም ደክማችኋል። ቀን ላይ ቡና ጋብዛትና እንዲህ በላት፦ «አልበሙን በደስታ እመራልሻለሁ። የማልሄደው ግን ስራው ስም ሳይኖረው ነው።» ከዚያ ዝም በል። ዘፋኝ ዝምታ አይችልም፣ ራሷ ትጠይቅሃለች።

ስትጠይቅህ ዝግጁ ሁን። ቅንብር በዘፈን ይታሰባል፤ ልምምድ በቀን፤ ስቱዲዮው ለብቻ። አዲስ አበባ የምታድርበትና የምትበላበት ከማን ኪስ እንደሆነ ይነገር። ቀብድ ተቀበል፣ ግማሹን ሳትቀበል አንድም ዘፈን አታቀናብር። አልበሙ ላይ «ቅንብር» እና «የሙዚቃ ዳይሬክተር» በሚለው ቦታ ስምህ እንዲሰፍር በጽሑፍ ይግባ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ቅንብርን ራሱን የቻለ ስራ አድርጎ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከማን ጋር ምን እንደተስማማህ ወረቀት ላይ ይኑር። ሁለት ምስክር፣ ፊርማ፣ በቃ። እኔ አንድ ድግስ ላይ «አምነንሽ ነው» ተብዬ ያለ ወረቀት ሰርቼ፣ ገንዘቤን ለማግኘት ስምንት ወር በር አንኳኳሁ፤ በመጨረሻ የተሰጠኝ ግማሹ ነው። ሆቴሉ ላይ ያለውንም ክፍያ አሁኑኑ አንሳ፣ አልበሙን አትጠብቅ። ከድራመሩ እኩል ሳይሆን በዳይሬክተር ዋጋ።

ስሙ ለምን ያን ያህል እንዳስጨነቀኝ ታውቃለህ? ግርማ በየነን አስብ። ፒያኒስት፣ አቀናባሪ፣ ራሱም ዘፋኝ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (በፈረንጅ ቁጥር) ከ60 በላይ ዘፈን ለሌሎች አቀናብሯል፤ ስንቱ ሰው እየደነሰበት ነው ያደገው። በራሱ ድምፅ ያስቀረፀው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፣ ሙዚቃውም ለረጅም ዓመታት ተቋረጠ። በስሙ አልበም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ዘፈኖቹን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ስሙን ጠይቃቸው እስቲ።

ስራ ልልቀቅ ወይ ላልከው፦ አትልቀቅ። ቢያንስ አሁን አትልቀቅ። አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፣ ይሄን ቁጭ ብለህ አስላው። ወሎ ውስጥ የሙዚቀኛ ዓመት 12 ወር አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ረመዳን አንድ ወር። እዚህ ሁለቱም የሁላችንም ናቸውና ሆቴሉም በሁለቱም ይቀዘቅዛል። አንዳንድ ዓመት ይገጣጠማሉ፣ ያኔ ለአንተ አንድ ላይ ማለፋቸው ጥሩ ነው፣ በማይገጣጠሙበት ጊዜ ደግሞ ሁለት ጊዜ ባዶ ትሆናለህ። ክረምቱን ጨምርበት። ሰርጉ ያለው ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ገቢህን በወር ከፋፍለህ ጻፍና፣ ባዶዎቹን ወራት ከሙዚቃ ባገኘኸው ብቻ መኖር ትችል እንደነበር እይ። አልችልም ካለህ ወረቀቱ መልሶልሃል።

አልበሙን በዓመት ፈቃድህ ስራው። ሕጉን አንተ ከኔ ትበልጣለህ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የስራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ። አቀናብረህ፣ ለሁሉም ኖታውን ጽፈህ፣ ልምምዱን እዚሁ ደሴ ጨርሰህ ከሄድክ ስቱዲዮ ውስጥ የምትፈልገው ቀን ብዙ አይደለም። ሳይዘጋጅ ሄዶ ስቱዲዮ ውስጥ «እስቲ እንሞክር» የሚል ነው ወር የሚፈጅበት፣ የሰውንም ገንዘብ የሚያቃጥለው።

«የራሴን ጃዝ» ያልከው ላይ ልብህን አልሰብርም። ግን ለምን አንዱን ትተህ ሌላውን ትይዛለህ? ፒያኒስቱ ቶሚ ፍላናጋን ከኤላ ጋር አስር ዓመት ገደማ በተከታታይ ሰርቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ተለያት፤ ከዚያ የራሱን ትሪዮ (የሦስት ሰው ባንድ) ይዞ በስሙ ተከበረ። ከኤላ ጋር ያሳለፈው ጊዜ አልጎዳውም፤ እንዲያውም እነዚያ ዓመታት ጆሮውን የሳሉለት ይመስለኛል፣ ሲጫወት ዜማው እንደሚዘፍን ሰው ነው የሚተነፍሰው። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያም አለ። ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ በባትሪ የሚሰራ ኪቦርድ ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የድሮ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያገኘው ጣቶቹ ዝግጁ ነበሩ። ያንተ ፋብሪካ ያንተ ታክሲ ነው በለው።

አንድ የማደርገውን ልንገርህ፣ አንተን ብሆን። ድምፃዊቷ መድረክ የምትወጣው ስንት ሰዓት ነው? ሦስት ሰዓት ገደማ አይደል? ሰው ደግሞ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጦ ጥብሱን እየበላ ነው፣ ስፒከሩ ከፍላሽ የሆነ ነገር ይጮኻል። ወደ ሥራ አስኪያጁ ሂድና ያቺን 40 ደቂቃ ለኔ ስጡኝ በል። አንተ፣ ቤዙ፣ ድራሙ። ዘፈን የለም፣ ቅኝቶቹን ብቻ፣ ለስለስ አድርገህ። ተጨማሪ ገንዘብ መጀመሪያ ላይ አትጠይቅ፣ ለሦስት ወር ሞክሩኝ በል። ድራመሩ ብሩሽ መጠቀም ይማር፣ እምቢ ካለ ያለ እሱ አድርገው። ማንም ላያጨበጭብ ይችላል። አንዳንዱ ሹካውን ያቆም እንደሆነ ግን ተመልከት። እኔ ይሄን ምሽት ለማየት ከቤቴ እወጣለሁ፣ ከወጣሁም ቆይቻለሁ።

እናትህ። እዚህ ላይ ብዙ አልልም፣ የኔም እናት እንዲሁ ነበረች። «አዝማሪ» ስትልህ አትቆጣ፣ አዝማሪም ስድብ አይደለም፤ ይሄ ሁሉ ቅኝት እጃችን ላይ የደረሰው በነሱ ነው። ግን እናት እንዲህ ተብላ አትረታም። የፒያኒስቷን መነኩሲት የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩን ሙዚቃ አጫውታት። ወጣት ሳሉ የመነኮሱት እዚሁ አምባሰል፣ ግሸን ማርያም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት ደግሞ ዓለም በፒያኗቸው አውቋቸው ነው። ቃል አትናገር፣ ዝም ብለህ ክፈትላት፣ ሳህን እያጠበች ትስማ። ማን ነው ብላ ስትጠይቅህ ያኔ ስለ ግሸን ንገራት። ደግሞ ደሞዝህን ሳትለቅ እንደምትሰራው አስረግጠህ ንገራት፣ የምትፈራው ዘፈኑን ሳይሆን እሱን ነው።

መጪው ሐሙስ ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ሰው ሳይመጣ፣ ድምፃዊቷን «አምባሰሉን አንዴ እንሞክረው» በላት። ያን ሬ ፍላት ሜጀር ሰቨን፣ ከስር ዶ፣ ቀኝ እጅህ ዝም። ዞር ካለች ፊቷን እይና ምን እንዳየህ ጻፍልኝ።

ኪቦርዱን ግን ሁለተኛ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እንዳታስጭን። ሐረጎ ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ስንቱን ዕቃ እንደሚያረጥበው አንተም ታውቃለህ። ለሁለት ሰው ክፈልና ከጎንህ አስቀምጠው፤ ሒሳቡንም አልበሙ ላይ ትራንስፖርት ብለህ ያዘው።